ገብቶ የቀረው ቁልፍ

«ና እስቲ፣ ይሄ ነገር ገብቶ ቀረ» አለች እናቴ ከግቢው። ጀጎል ውስጥ፣ ከሸዋ በር ብዙም የማይርቀው ቤታችን ግቢ ውስጥ ልብስ ማጠቢያ ማሽኑ የሚቀመጠው ከውኃው በርሜል ጎን ነው። ክዳኑ ከላይ የሚከፈት ሲሆን ስድስቱ ቁልፎች ከፊት ጠርዙ ላይ ተደርድረዋል። በቀኝ ጫፍ ያለው ማስጀመሪያው ወደ ውስጥ ሰምጦ አልመለስ ብሏል። ማሽኑ ሁለት ዙር ያሽከረክርና ቀጥ ይላል፤ ደግሞ ይነሳል፣ ደግሞ ይቆማል። የአልጋ ልብሱ አረፋ ውስጥ እንደተዘፈቀ ነው።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት መብራቱን ነበር፤ በዚያ ሳምንት ሄድ መጣ ሲል ሰንብቷል። ሶኬቱን ነቅዬ ሩብ ሰዓት ያህል ጠብቄ መለስኩት። ያው ነው። የልጆች መቆለፊያውንም አየሁ። በብዙ ማሽኖች ሁለት ቁልፎች አብረው ለጥቂት ሰከንድ ከተጫኑ ሌሎቹ ሁሉ ይታሰራሉ፤ ይህን ሳያውቅ ደህናውን ማሽን ተሸክሞ ጥገና ቤት የሚሄድ ሰው አለ። የእኛው ላይ የመቆለፊያው ምልክት አልበራም። ስለዚህ ቁልፉ ደርቋል፣ ዘይት ይፈልጋል ብዬ ደመደምኩ።

ሐረር ላይ ዘይት ፍለጋ ከተባለ መኪና ግርግር አለ። በዚያ ጠባብ መንገድ ግራና ቀኝ ልብስ ሰፊዎች ተደርድረዋል፤ ስሙም የወጣው ከስፌት መኪኖቹ ድምፅ ነው። እዚያ ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቃቸው አንድ ሽማግሌ አሉ።

«አባባ፣ ትንሽ የመኪና ዘይት ቢሰጡኝ፤ የማጠቢያችን ቁልፍ ተጣብቋል።»

«ስንት ቁልፍ አለው?» አሉኝ እግራቸውን ከመርገጫው ሳያነሱ።

«ስድስት።»

«ሌሎቹስ?»

«ደህና ናቸው።»

አሁን መኪናቸውን አቆሙ። «ዘይት ለሚሽከረከር ነገር ነው። ለቁልፍ ካጠጣኸው አቧራውን ሰብስቦ ያስቀምጥልሃል። ይልቅ አምስቱ ደህና ሆነው እሱ ብቻ ለምን ተያዘ? እሱን ፈልግ፣ ልጄ።»

ባዶ እጄን ተመለስኩ።

ሶኬቱን ነቅዬ፣ ውስጡ የቀረው ኤሌክትሪክ እስኪሞት ጠብቄ፣ ብሎኖቹን በካቻቢቴ ፈታሁና የቁልፎቹን ገበታ ገለበጥኩት። በጣት የምንጫነው ፕላስቲክ በቀጭን ክንድ የተንጠለጠለ ሽፋን ብቻ ነው። እውነተኛው ማብሪያ ከሥሩ ቦርዱ ላይ የተበየደ፣ ወርዱ 6 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ ካሬ ነገር ነው። ውስጡ ጎበጥ ያለች ስስ ብረት አለች፤ ስትጫናት ጠቅ ብላ ትገናኛለች፣ ስትለቃት ትመለሳለች። ሽፋኑ ተጣብቆ ብረቷን ያዝ ለቀቅ ካደረገ ማሽኑ ሰው ደጋግሞ የሚነካው ይመስለዋል። ቁልፉ ማስጀመሪያም ማቆሚያም ስለሆነ የእኛው ሲነሳና ሲቆም መዋሉ ለካ ለዚህ ኖሯል።

ከጎረቤት ቴስተር ተውሼ የማብሪያውን እግሮች ለካሁ። ስጫነው ይጮኻል፣ ስለቀው ዝም ይላል። ማብሪያው ጤነኛ ነው። ነገሩ ያለው ሽፋኑ ላይ ነው ማለት ነው።

ሽፋኑን አውልቄ ወደ ብርሃን አወጣሁት። በጎንና በጎኑ ነጭ ቅርፊት ጋግሯል፤ ከላዩ ለስላሳ፣ ከሥሩ እንደ ድንጋይ የጠጠረ። ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ስነክረው ላዩ ሟሟ፤ የዱቄት ሳሙና ነው። የጠጠረው ግን ንቅንቅ አላለም። ይህን ቅርፊት የት ነው የማውቀው? ማንቆርቆሪያችን ውስጥ! አቼቶ በጥጥ ነክሬ ሳስነካው ጥቃቅን አረፋ አወጣና ለቀቀ። አረፋው ቅርፊቱ ከኖራ ዘር መሆኑን ነገረኝ፤ ያ ደግሞ እንደ ማንቆርቆሪያው ከውኃ የመጣ ነው። ሽፋኑን በንጹሕ ውኃ አለቅልቄ፣ በደንብ አድርቄ መለስኩት። ቁልፉ እንደ ድሮው ጠቅ አለ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ያው ቁልፍ እንደገና መንቀርፈፍ ጀመረ።

የሽማግሌው ጥያቄ ያኔ ትዝ አለኝ። ቁልፉን ትቼ እናቴን ማየት ያዝኩ። ቧንቧው ውኃ በሌለው ቀን ማሽኑን የምትሞላው በጀሪካን ነው። ሳሙናውን ትበትናለች፤ ጥቂቱ ጠርዙ ላይ ይቀራል። ከዚያ 20 ሊትሩን ከመሬት ታነሳና የማሽኑ ቀኝ ማዕዘን ላይ ታሳርፈዋለች፤ ትንፋሿን ትሰበስባለች፤ ከዚያ ታዘነብለዋለች። ከጀሪካኑ አፍ የሚመለሰው ውኃ ሆዱን ተከትሎ ይወርድና ማስጀመሪያው ቁልፍ ላይ ይንጠባጠባል። አምስቱ አይነኩም። 20 ሊትር ውኃ 20 ኪሎ ነው። ቅርፊቱ የተጋገረው የእናቴ ክንድ በሚደክምበት ቦታ ላይ ነበር፤ እኔ ደግሞ ስንት ጊዜ በአጠገቧ አልፌያለሁ።

ኖራው ደግሞ ከሩቅ የመጣ ነው። ሐረር ለአሥርተ ዓመታት የጠጣችው ከሐሮማያ ሐይቅ ነበር። ሐይቁ በ1990ዎቹ አጋማሽ ደረቀ፤ ከተማዋም ዓይኗን ወደ ድሬዳዋ ቆላ ጉድጓዶች መለሰች። ውኃው ከዚያ በፓምፕ እየተገፋ፣ ከ70 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ፣ የደንገጎን ዳገት ወጥቶ ይደርሰናል። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስትሆን ሐረር 1,900 ሜትር ትጠጋለች። በኖራ ድንጋይ መካከል ያለፈ የከርሰ ምድር ውኃ ኖራውን አሟሙቶ ይዞ ይወጣል፤ የድሬ ሰው በየማንቆርቆሪያው ያውቀዋል። ፓምፑ መብራት ይፈልጋል፤ መብራት ሲጠፋ ቧንቧውም ይደርቃል፣ ያኔ ጀሪካኑ ይነሳል።

ከማሽኑ በስተግራ ጠንካራ ዱካ አስቀመጥኩ። ጀሪካኑን እዚያ ላይ የማወጣው እኔ ነኝ፤ እናቴ በጆግ እየቀዳች በግራ በኩል ትጨምራለች። ቁልፎቹ ላይ ላስቲክ ዘረጋሁላት፤ ስታጥብ ገለጥ አድርጋ ትጫናለች።

ባለፈው ቅዳሜ ለሽማግሌው ልነግራቸው መኪና ግርግር ወረድኩ። እስከ መጨረሻው ሰሙኝና «እናትህ አሁንም ራሷ ነው የምትሸከመው?» ሲሉ ጠየቁኝ።

«የለም፣ አባባ፤ እኔ ነኝ።»

አንገታቸውን ነቅንቀው መርገጫውን ረገጡ።