ከሐሳብ እስከ እግር

ከፎቅ የወደቀ ወይም መኪና የተገለበጠበት ሰው ድንገተኛ ክፍል ሲገባ፣ ሐኪሞቹ ቀድመው ከሚሰጉላቸው ነገሮች አንዱ አንገቱ ነው። አጥንቱ ተሰብሮ ከሆነ፣ በሽተኛውን ከቃሬዛ ወደ አልጋ ማዛወር ብቻ ስብራቱን አንሸራቶ ህብለ ሰረሰሩን ሊጎዳው ይችላል። ውፍረቱ የትንሽ ጣት ያህል ነው፤ የአንጎል ትእዛዝ ወደ እጅና እግር የሚወርደው ግን በእሱ በኩል ነው።

ስለዚህ ሲቲ ስካን ይነሣል፤ ፎቶው ግን የሚያነበው ራዲዮሎጂስት እስኪደርስ ወረፋ ይጠብቃል። ሰው ሠራሽ አስተውሎት ከሚጠቅምባቸው ቦታዎች አንዱ ይህ ነው። ሐኪሞች ምልክት ያደረጉባቸውን ብዙ ፎቶዎች አይቶ የተማረ ፕሮግራም ስብራት ሲጠረጥር ያንን ፎቶ ከወረፋው አውጥቶ ያስቀድመዋል። እንዲህ ያለው ፕሮግራም አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2019 ፈቃድ አግኝቷል። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ጥናት 665 ምርመራዎችን አይቶ ሲያወዳድር፣ ፕሮግራሙ ከመቶ ስብራት 76ቱን አገኘ፤ ራዲዮሎጂስቶች 93ቱን። በእኔ እምነት ወረፋ ማስቀደሙን በደስታ እንቀበለው። «ስብራት የለም» ሲል ግን በሽተኛው አንገት ላይ የታሰረው መደገፊያ መውለቅ ያለበት ሐኪም በዓይኑ አይቶ ካረጋገጠ በኋላ ነው።

ህብለ ሰረሰሩ አስቀድሞ የተጎዳስ? አንጎሉ «ተራመድ» ይላል፣ እግሩም አልሞተም፤ መሐል ላይ ያለው መንገድ ነው የተቋረጠው። እ.ኤ.አ. በ2011 ቻይና ውስጥ በብስክሌት አደጋ አንገቱን የተጎዳ አንድ ሆላንዳዊ እንዲህ ሆኖ ዓመታት ኖረ። የስዊዘርላንዷ ሎዛን ተመራማሪ ግሬጎር ኩርቲንና የአንጎል ቀዶ ሐኪሟ ጆስሊን ብሎክ፣ ከፈረንሳይ ግሬኖብል ባለሙያዎች ጋር ሆነው፣ ከራስ ቅሉ ግራና ቀኝ ክብ ቁራጭ አውጥተው በምትኩ እያንዳንዳቸው 64 ኤሌክትሮድ ያላቸውን ሁለት መሣሪያዎች ተከሉ። ወገቡ ላይ ደግሞ 16 ኤሌክትሮዶች ህብለ ሰረሰሩን ያነቃቃሉ።

ከባዱ ነገር በአንጎሉና በወገቡ መሣሪያዎች መካከል ያለው ትርጉም ነው። ከአንጎል የሚወጣው የኤሌክትሪክ ሞገድ የገበያ ጫጫታ ይመስላል፤ «ግራ ዳሌን አንሣ» የሚል ግልጽ ቃል የለበትም። ሰውየው ዳሌውን፣ ጉልበቱን፣ ቁርጭምጭሚቱን ለማንቀሳቀስ ሲሞክር ፕሮግራሙ ሞገዱን እያደመጠ የትኛው ሞገድ የየትኛው መገጣጠሚያ ሐሳብ እንደሆነ ለየ። ይህንን ለመማር የፈጀበት ደቂቃዎች ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ ሐሳቡን ወዲያው ወደ ወገቡ ያስተላልፋል። ቀድሞ ሌላ ማነቃቂያ ሞክሮ ነበር፤ በዚያኛው መሣሪያው እሱን ይመራው እንደነበር፣ አሁን ግን እሱ መሣሪያውን እንደሚመራ ተናግሯል።

ጉዳቱ ህብለ ሰረሰሩን ፈጽሞ የበጠሰ አልነበረም፤ ውጤቱም የአንድ ሰው ውጤት ነው። ቢሆንም እ.ኤ.አ. በ2023 ስለዚህ ሙከራ ኔቸር መጽሔት ላይ ከወጣው ሁሉ እኔን የገረመኝ፣ ከልምምዱ በኋላ መሣሪያው ጠፍቶም በክራንች መራመድ መቻሉ ነው። የተረፉት ነርቮች ሥራቸውን መልሰው ሳይለምዱ አልቀሩም።

አንድ ቀን ቤቱ ውስጥ ቀለም የሚቀባ ነገር ነበር። የሚያግዘው ሰው አልነበረም። መራመጃውን ያዘ፣ ቀለሙን አነሣ፣ ቆሞ ቀባው።