ጋብቻው አንድ፣ እምነቱ ሁለት

ጉለሌ ውስጥ እሑድ ጠዋት ከአንድ ግቢ ሁለት ዓይነት ምእመን ይወጣል። እናት ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ቅዳሴ ስትሄድ፣ ልጇ መጽሐፍ ቅዱሱን ይዞ ወደ ጸሎት ቤት ያቀናል። ዐቢይ ጾም ሲገባ ማጀቱም ይለያል፤ የሽሮው ድስት ለብቻ፣ ቅቤ የነካው ለብቻ፣ ማማሰያው ሳይቀር ለብቻ። ለዚህ ብሎ የሚጣላ ግን የለም።

እንዲህ ያለው ቤት ጥቂት አይደለም። በ1987 ዓ.ም. ቆጠራ ከአዲስ አበባ ሕዝብ ከመቶ 4 ያህሉ ፕሮቴስታንት ነበር፤ በ1999 ዓ.ም. ወደ 8 ተጠግቷል። ከእነዚህ መካከል ወላጆቻቸው ዛሬም ኦርቶዶክስ የሆኑ ብዙ ናቸው።

ፈተናው የሚመጣው በሠርግ፣ በክርስትናና በቀብር ነው። ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ በተክሊልና በቁርባን የምታጋባው ሁለቱም ልጆቿ ሲሆኑ ነው፤ ከሌላ ቤት የመጣው አስቀድሞ ይጠመቃል። ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ሌላውን ክርስቲያን እምነቱን ሳታስለውጥ በፈቃድ ታጋባለች፤ ካቶሊኩ ግን ልጆቹን በእምነቱ ለማሳደግ የተቻለውን እንደሚያደርግ ቃል ይገባል። የካቶሊኩ የግእዝ ቅዳሴ ለኦርቶዶክሱ አማት ጆሮ እንግዳ አይደለም፤ ቁርባኑ ግን አያገናኝም። በዚህ መሐል ያሉ ጥንዶች መውጫ አላቸው፤ የ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ በክብር መዝገብ ሹም ፊት የተፈጸመን ጋብቻ ከሃይማኖቱና ከባህሉ እኩል ያጸናል።

ከባዱ ክርስትናው ነው። ኦርቶዶክስ ወንዱን በ40፣ ሴቷን በ80 ቀን ታጠምቃለች። ከፕሮቴስታንቶቹ መካነ ኢየሱስም ሕፃን ታጠምቃለች። ሙሉ ወንጌልና ቃለ ሕይወት ግን ልጁ አድጎ በራሱ አንደበት እስኪመሰክር ይጠብቃሉ። አያት ቀን ስትቆጥር፣ አባት «ራሱ ይወስን» ይላል። ድስት ይለያል፤ ልጅ ግን ለሁለት አይከፈልም።

ቀብር ሲመጣ ደግሞ ጴጥሮስ ወጳውሎስ የሚባለው የመቃብር ስፍራ አለ። እዚያ ኦርቶዶክሱ፣ ካቶሊኩና የወንጌል አማኙ በየራሳቸው መካነ መቃብር ጎረቤት ሆነው ያርፋሉ። ድንኳን የሚተክለው፣ ወንበር የሚደረድረው፣ ሐዘንተኛ የሚያስተዛዝነው ዕድር ሟቹ የት ይጸልይ እንደነበር አይጠይቅም። ቅይጥ ቤተሰብ እስካሁን ሳይከፋፈል የሚሰበሰብበት ማኅበር ይኸው ነው።

ቤተ ክርስቲያን ለአንድ ቤተሰብ ብላ ዶግማዋን አትለውጥም፤ እንድትለውጥም መጠየቅ የለባትም። በእጃችን ያለው አስቀድሞ መነጋገር ነው። የንስሐ አባቶች፣ ፓስተሮችና የጋብቻ ሽማግሌዎች ሆይ፣ ከቀለበቱ በፊት ጥንዶቹን ሁለት ነገር ጠይቋቸው፤ ልጃችሁ የት ይጠመቃል? እናንተስ የት ትቀበራላችሁ? የዕድር ዳኞችም አባሉ የት መቀበር እንደሚሻ በመዝገባችሁ አስፍሩለት። በሰላም ቀን ያልተቆረጠ ነገር በልቅሶ ቀን ቤተሰብ ያፈርሳል።