ሁሉን የሚስለውን ማን ይሳለው?

ንፋስ ስልክ ላፍቶ፣ ጀሞ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ሁለት ሰዓሊ ጓደኞቼ አንድ ስቱዲዮ ተከራይተው ይኖራሉ፤ ይሠራሉም። አንደኛው እንጀራው የእርሳስ ምስል ነው። ለሠርግ፣ ለምርቃት፣ ለልደት ስጦታ ይስላል። ደንበኛው ፎቶውን በቴሌግራም ይልካል፣ ቀብድ ያስገባል፣ ከሳምንት በኋላ በፍሬም ይረከባል። ከፎቶው ጋር ደግሞ ማሳሰቢያ አይጠፋም፦ «ፊቴን ትንሽ ቀላ አድርገው»፣ «ጠባሳዋን ዝለላት»። እሱም ይዘላታል። የቤት ኪራይ አለበታ!

ባለፈው ክረምት መብራት በጠፋበት አንድ ማታ ጓደኛው ሻማ ለኮሰና «እስቲ ዝም ብለህ ተቀመጥ» አለው። ሰውን ሁሉ የሚስለውን ልጅ ራሱን መሳል ጀመረ። ሦስት ማታ ፈጀበት። በሦስት ማታ አንድ የሚከፈልበት ትዕዛዝ ይጨርስ እንደነበር አስልቼ ነግሬው ነበር፤ ሳቀብኝ።

ምስሉን ሳየው ደነገጥኩ። ከዓይኑ ሥር የተጠራቀመው ድካም፣ ወደ አንድ ጎን ያዘነበለው ትከሻው፣ እርሳስ ያጠቆረው የመዳፉ ጠርዝ፣ ሁሉም አለ። ባለቤቱ ግን «እንዲህ አርጅቻለሁ እንዴ?» ብሎ ወረቀቱን ከሸራዎቹ ጀርባ ወሸቀው። ለሁለት ሳምንት ያህል እዚያ ቤት ወሬ ቀዘቀዘ።

ነገሩ ኤድጋር ዴጋንና ኤድዋር ማኔን አስታወሰኝ። ሁለቱ የፓሪስ ሰዓሊዎች ጓደኞችም ተፎካካሪዎችም ነበሩ። ዴጋ ጓደኛውን ደጋግሞ በእርሳስ ነድፎታል። እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ ከሠራቸው ንድፎች አንዱ፣ ማኔ ተቀምጦ የሚታይበት፣ ዛሬ ኒውዮርክ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ይገኛል። ማኔ ግን ዴጋን የሳለበት ምስል አይታወቅም።

በዚያው ዘመን ዴጋ ሌላም ሠራ፦ የማኔ ሚስት ፒያኖ ስትጫወት፣ ማኔ ሶፋ ላይ ጋደም ብሎ ሲያዳምጥ። በስጦታ ሰጠው። ማኔ የሚስቱ ፊት አላማረውምና ሸራውን ቆረጠው! ዴጋ ተናዶ ስዕሉን ይዞ ወጣ። በኋላ ታረቁ። ማኔ እ.ኤ.አ. በ1883 ከሞተ በኋላ ደግሞ አንድ ትልቅ ስዕሉ ተቆራርጦ ተሸጠ። ቁርጥራጮቹን እየፈለገ ገዝቶ መልሶ ያገጣጠማቸው ማን መሰላችሁ? ዴጋ ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ አሮጌው አየር ማረፊያ አካባቢ ያለው ቪላ አልፋ የአፈወርቅ ተክሌ ቤትና ስቱዲዮ ነበር። የአፍሪካ አዳራሽን የመስታወት ሥዕል የሠሩት አፈወርቅ ራሳቸውንም ስለዋል፤ ያ ምስላቸው ፍሎረንስ፣ ኡፊዚ ሙዚየም ገብቷል። ራስን መሳል ትልቅ ነገር ነው። ግን ሰው ራሱን ሲስል እንዴት መታየት እንደሚፈልግ የሚወስነው እሱ ነው፤ ልክ እኛ ሰልፊ ስንነሳ አሥሩን አጥፍተን አንዷን እንደምናስቀረው። ጓደኛ ሲስልህ ግን የምትደብቀውንም ያያል። ለማሳመር አልተከፈለውም።

ለመስቀል የልጁ እናት ከክፍለ ሀገር መጡ። ቤት ሲያስተካክሉ ወረቀቱን ከሸራዎቹ ጀርባ አገኙት። ብዙ ቆመው አዩት። ከዚያ ዞር ብለው «አንተ ልጅ፣ እንቅልፍ አትተኛም እንዴ?» አሉት። በስልክ ሁልጊዜ «ደህና ነኝ እማዬ» ነበር የሚላቸው። የዚያን ቀን ግን ቁጭ አድርገው አናገሩት፤ የኪራዩን ዕዳ፣ በሌሊት የሚሠራውን ትዕዛዝ፣ ሁሉንም ነገራቸው።

ሲሄዱ ምስሉን ጠቅልለው ወሰዱት። የስንቱን ሰው ፊት ሲስል የከረመ ልጅ፣ እናቱ ቤት የሚሰቀል የራሱ ምስል ያገኘው ገና ያኔ ነው።

ከሸኟቸው በኋላ ማታውኑ እርሳሱን ቀረጸ። ጓደኛውን ወንበሩን አሳየውና «ተራው ያንተ ነው፣ ተቀመጥ» አለው።