በርገር፦ የአንድ ከተማ ምርጡ የሚታወቀው በአፈጫጨቱ ነው

በርገር ተፈጭቶ የተጠፈጠፈ የበሬ ሥጋ ተጠብሶ በዳቦ መካከል የሚቀርብበት ምግብ ነው። ማን እንደጀመረው በአሜሪካ ከተሞች ዘንድ እስከ ዛሬ ክርክር አለ፤ የዊስኮንሲን ግዛቷ ሲሞር ጅማሬውን ወደ 1885 እ.ኤ.አ. ስትወስደው፣ በኮኔቲከት ግዛት በኒው ሄቨን ከተማ የሚገኘው ሉዊስ ላንች የተባለ ምግብ ቤት ደግሞ የመጀመሪያውን በ1900 እንደሸጠ ይናገራል። በ1921 በካንሳስ ግዛት በዊቺታ ከተማ የተከፈተው ኋይት ካስል አንዱን በ5 ሳንቲም እየሸጠ ለሠርቶ አደሩ አቀረበው፤ የማክዶናልድ ወንድማማቾች በ1948 በካሊፎርኒያ የፋብሪካን የሥራ ክፍፍል ወደ ወጥ ቤት ካስገቡ ወዲህ ደግሞ በርገር ዓለምን አዳረሰ። ይህ ታሪክ በብዙ ቦታ ስለተጻፈ ከዚህ በላይ ማስረዘም አያስፈልግም።

ተገቢውን ትኩረት ያላገኘው ሥጋው ራሱ ነው። የአንድን ከተማ ምርጥ በርገር ለማግኘት የሚነሣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ፍለጋውን የሚጀምረው ከማጀቢያው፣ ማለትም ከቺዙ፣ ከሶሱ፣ ከእንቁላሉና ከቁመቱ ነው፤ በአዲስ አበባም «ስፔሻል» የሚባለው በርገር ከተራው የሚለየው በሚደራረብበት ነገር ብዛት እንጂ በሥጋው ጥራት አይደለም። ይህ አካሄድ ፈላጊውን ያሳስታል፤ ምክንያቱም ጥሩ ሶስ ደካማ ሥጋን ሊሸፍን ይችላል፣ ደካማ ሥጋ ግን በምንም ማጀቢያ ጥሩ በርገር አይሆንም። ስለዚህ ቤትን ከቤት ለማወዳደር የሚሻ ሰው በየቤቱ ያለውን ተራውን በርገር፣ ቢበዛ አንድ ቁራጭ ቺዝ ያረፈበትን፣ ማዘዝ ይገባዋል።

ለእንዲህ ዓይነቱ ፍለጋ ከኒው ዮርክ የተሻለ ከተማ ማግኘት ያስቸግራል። በማንሃታንና በብሩክሊን ብቻ፣ ከመናፈሻ ውስጥ ኪዮስክ አንሥቶ ነጭ ጨርቅ እስከ ተነጠፈበት ጠረጴዛ ድረስ፣ የበርገር አሠራር ዓይነት ሁሉ ማለት ይቻላል በአንድ ቀን ሊዳረስ በሚችል ርቀት ውስጥ ይገኛል። በእነዚህ ቤቶች መካከል ያለው እውነተኛ ልዩነት የሚጀምረውም ደንበኛው ከማያየው ስፍራ፣ ከሥጋ መፍጫው ነው።

በመፍጫው ዘንድ የመጀመሪያው ጥያቄ የብልት ምርጫ ነው። ከትከሻ የሚወጣው ሥጋ ጣዕሙ ጠንካራ፣ ጮማውም የተመጠነ በመሆኑ የአብዛኛው በርገር መሠረት ነው፤ ፍርምባ ሲታከልበት ጣዕሙ ይጎላል፣ ከጎድን የሚወጣው ሥጋ ሲታከልበት ደግሞ ቅባቱ ይጨምራል። ባለሙያዎች በአብዛኛው የሚስማሙበት መጠን ከአምስት እጅ አንዱ ጮማ፣ አራቱ ቀይ ሥጋ መሆኑ ነው። የአሜሪካ ፌዴራል ደንብም «ሃምበርገር» ተብሎ የሚሸጥ ሥጋ ጮማው ከ30 በመቶ እንዳይበልጥ፣ ውኃም ሆነ ማያያዣ እንዳይገባበት ይከለክላል።

ሁለተኛው ጥያቄ ቅዝቃዜ ነው። ሥጋውም ሆነ የመፍጫው ምላጭ በሚገባ ካልቀዘቀዙ ጮማው በምላጩ አይቆረጥም፤ ይላላና ቀዩ ላይ ይለቀለቃል፣ እንዲህ የተለቀለቀ ጮማም እሳት ሲነካው ወዲያው ቀልጦ ወደ ምጣዱ ይፈስሳል፣ የሚቀረውም ደረቅና የተጣበቀ ሥጋ ነው። በቅዝቃዜ የተፈጨ ሥጋ ሲታይ ግን ነጩ ከቀዩ ተለይቶ፣ እያንዳንዱ ፍሬ በየራሱ ቆሞ ይገኛል፤ በሚጠበስበት ጊዜም ጮማው ከውስጥ ቀስ እያለ ስለሚቀልጥ ሥጋው በገዛ ቅባቱ ይበስላል። የክትፎን ሙያ የሚያውቅ አንባቢ ይህን ለመረዳት አይቸገርም፤ በስለት የተከተፈ ክትፎና በማሽን የተፈጨ ክትፎ ከአንድ በሬ ቢወጡም በአፍ ውስጥ አንድ እንደማይሆኑ ሁሉ፣ በጥንቃቄ የተፈጨና በግዴለሽነት የተፈጨ የበርገር ሥጋም እንዲሁ ይለያያሉ።

ሦስተኛው፣ ከሁሉም ይልቅ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት፣ የጨው ጉዳይ ነው። ጥብስና ወጥ ጨው ቀድሞ ሲገባባቸው ስለሚጣፍጡ፣ የተፈጨ ሥጋም ከመጠፍጠፉ በፊት በጨው መታሸት አለበት ተብሎ ይታመናል፤ ነገር ግን ጨው በተፈጨ ሥጋ ውስጥ ሲገባ ማዮሲን የተባለውን የጡንቻ ፕሮቲን ያሟሟዋል፣ የተሟሟውም ፕሮቲን ፍሬዎቹን እርስ በርሳቸው ያያይዛቸዋል። ቋሊማ ሲቆረጥ ሳይፈረፈር ለስልሶና ጠንክሮ የሚገኘው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ለቋሊማ የሚፈለገው ይህ ጠባይ ለበርገር ጉዳት ነው። በርገር ሲነከስ መላላትና መፈርፈር ስላለበት፣ ጨው የሚነሰነሰው ሥጋው ከተጠፈጠፈ በኋላ፣ ምጣድ ላይ ሊያርፍ ሲል፣ በላዩ ላይ ብቻ ነው። ይህን ልዩነት መፈተን ለሚፈልግ ሰው ከአንድ ሥጋ ሁለት ጥፍጥፍ ሠርቶ፣ አንዱን ከውስጥ፣ ሌላውን ከላይ ጨው ማድረግ ይበቃል፤ የመጀመሪያው ሲጫኑት እንደ ጎማ ይመለሳል፣ ሁለተኛው ይፈረከሳል።

ከጨው ጋር አብሮ መታረም ያለበት ልማድ ማሸት ነው። በብዙ ቤት፣ በአንዳንድ ካፌም ጭምር፣ የተፈጨው ሥጋ ከእንቁላል፣ ከዳቦ ፍርፋሪ፣ ከተከተፈ ሽንኩርትና ከቅመም ጋር እስኪያያዝ ድረስ ይታሻል። እንዲህ የሚሠራው ምግብ ሊጣፍጥ ይችላል፣ ስሙ ግን ኮፍታ ነው፤ በርገር ብሎ ማቅረብ ሁለቱንም ምግቦች መበደል ነው። ጥሩ ሥጋ ማያያዣ አያስፈልገውም፤ በቀዘቀዘ እጅ ላላ ተደርጎ መሰብሰብና ሳይጨመቅ መጠፍጠፍ ብቻ ይበቃዋል።

መፍጨት የጣዕም ብቻ ሳይሆን የጤናም ጉዳይ ነው። ባልተፈጨ ሥጋ ላይ በሽታ አምጪ ተህዋስያን አብዛኛውን ጊዜ የሚገኙት በላይኛው ገጽ በመሆኑ ላዩን መጥበስ ያጠፋቸዋል፤ ሲፈጭ ግን ከላይ የነበረው ከውስጥ ጋር ይቀላቀላል። በ1993 በምዕራብ አሜሪካ በደንብ ባልበሰለ የፈጣን ምግብ ቤት በርገር ሰበብ ኢ. ኮላይ ኦ157 በተባለ ባክቴሪያ ከ700 በላይ ሰዎች ታመው አራት ሕፃናት ሞተዋል። ከዚያ ወዲህ የአሜሪካ መንግሥት ባክቴሪያው በተፈጨ ሥጋ ውስጥ ከተገኘ ሥጋው ለሽያጭ እንዳይቀርብ አግዷል፤ ቤት ውስጥ የሚጠበስ የተፈጨ ሥጋም ውስጡ 71 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንዲደርስ ይመክራል። ለብለብ ያለ በርገር የሚወድ ሰው ስለዚህ ሥጋው መቼና የት እንደተፈጨ ማወቅ ግዴታው ነው።

ከመፍጫው ቀጥሎ የሚመጣው ብረት ምጣዱ ነው። የሥጋው ገጽ ከ140 ዲግሪ ገደማ በላይ ሲሞቅ አሚኖ አሲዶችና ስኳሮች ተዋሕደው ቡናማውን ቀለምና የጥብስን ሽታ ይፈጥራሉ፤ ይህ ሂደት በ1912 በገለጸው ፈረንሳዊ ሳይንቲስት ስም የማያር ግብረ መልስ ይባላል። ሥጋውን በመጥበሻ ማንኪያ መጫን የሚፈቀደው ምጣዱ ላይ እንዳረፈ ወዲያው፣ ጮማው ገና ቀዝቃዛ ሳለ ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚጫን ጠባሽ ጭማቂውን ወደ እሳት እየጣለ ነው።

እነዚህን መመዘኛዎች ይዞ ኒው ዮርክን ለሚዞር ሰው የሚታዩት ልዩነቶች ግልጽ ናቸው። በ1972 የተከፈተው ጄ. ጂ. ሜለን በጠፍጣፋ ብረት ላይ የተጠበሰ ተራ በርገር ያቀርባል። ኮርነር ቢስትሮ ከላይ በሚወርድ እሳት ጠብሶ በወረቀት ሳህን ይሰጣል። በ1887 የተመሠረተው የብሩክሊኑ የስቴክ ቤት ፒተር ሉገር በርገሩን የሚሸጠው በምሳ ሰዓት ብቻ ሲሆን፣ በደረቅ ክፍል ውስጥ ለሳምንታት ከቆየው ስቴክ የሚቆራረጠውን ትርፍ ይጠቀምበታል። ሚኔታ ታቨርን በ2009 እንደገና ሲከፈት ከሥጋ አቅራቢው ከፓት ላፍሪዳ ያስመጣውን የቆየ ሥጋ በርገር በ26 ዶላር ማቅረቡ ብዙ ሰው አስደንግጦ ነበር፤ ዋጋው ግን የሥጋው እንጂ የማጀቢያው አልነበረም፣ አብሮት የሚቀርበው በቅቤ የበሰለ ሽንኩርት ነውና። በ2004 በማዲሰን ስኩዌር መናፈሻ በኪዮስክ የጀመረው ሼክ ሻክ ከዚሁ አቅራቢ የተገኘ ሥጋ በጋለ ብረት ላይ እየጨፈለቀ ሲሸጥ፣ ጥሩ አፈጫጨት ርካሽ በርገርንም ከፍ እንደሚያደርግ አሳይቷል። የበርገር ታሪክ አጥኚው ጆርጅ ሞትዝ በ2023 የከፈተው ሃምበርገር አሜሪካ ደግሞ ከኦክላሆማ የመጣውን፣ ስስ ሆኖ የተከተፈ ሽንኩርት ሥጋው ውስጥ ተጨፍልቆ የሚጠበስበትን አሠራር ለከተማው ነዋሪ አቅርቧል።

ሼፍ ዳንኤል ቡሉ በ2001 በውስጡ የጎድን ሥጋና የዳክዬ ጉበት የከተተበት በርገር በጋዜጦች ብዙ ተወርቶለታል፤ ጥሩ ምግብ መሆኑ አያጠራጥርም፣ ነገር ግን የተፈጨን ሥጋ ለመመዘን አይረዳም። ከተዘረዘሩት መካከል ለመመዘኛ አንድ ቤት ይመረጥ ከተባለ ጄ. ጂ. ሜለን ይመረጣል፤ ሥጋ፣ ጨውና የጋለ ብረት ብቻቸውን ምን ያህል እንደሚያስኬዱ በግልጽ የሚታየው እዚያ ነውና። በየትኛውም ከተማ፣ በአዲስ አበባም ቢሆን፣ ምርጡን በርገር የሚፈልግ አንባቢ የምግብ ዝርዝሩን ከማየቱ በፊት አስተናጋጁን አንድ ነገር ይጠይቅ፦ ሥጋው የሚፈጨው እዚሁ ነው ወይ፣ የተፈጨውስ ዛሬ ነው ወይ? ይህን ያለማመንታት የሚመልስ ቤት ሊቀመስ ይገባዋል።