የትናንቱን ኮድ ሳያፈርሱ ማደስ፦ ከፓይተን የተገኘ ትምህርት

«ሰላም» የሚለው ቃል ስንት ፊደላት አሉት? ማንኛውም የአማርኛ አንባቢ ሦስት ብሎ ይመልሳል። የቀድሞው ፓይተን 2 ግን በዩቲኤፍ-8 የተቀመጠውን ይህንኑ ቃል ዘጠኝ ብሎ ይቆጥረው ነበር። የሚቆጥረው ፊደሉን ሳይሆን ፊደሉ የሚይዘውን ባይት ነውና፤ አንድ የግዕዝ ፊደል ደግሞ በዚህ አሠራር ሦስት ባይት ይወስዳል።

ችግሩ ከቆጠራ ያለፈ ነበር። ፓይተን 2 ለዩኒኮድ ጽሑፍ የተለየ የዳታ ዓይነት ቢኖረውም፣ ከተራው ባይት ጋር ሲደባለቅ በዝምታ ያልፈዋል። ጽሑፉ እንግሊዝኛ እስከሆነ ድረስ ሁሉም ይሠራል፤ የአማርኛ ስም የገባ ዕለት ግን ፕሮግራሙ ስህተት አውጥቶ ይቆማል። በእንግሊዝኛ ብቻ የተፈተነ ፕሮግራም እንከኑን እንደደበቀ ተጠቃሚው ዘንድ ይደርስ ነበር።

የቋንቋው ፈጣሪ ጊዶ ቫን ሮሰምና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2008 ፓይተን 3ን ሲያወጡ ጽሑፍንና ባይትን ለዩ። በዚህም የቀድሞው ኮድ ሳይታረም በአዲሱ እንደማይሠራ አውቀው ወሰኑ። ዋጋው ቀላል አልነበረም። አንድ ፕሮግራም ወደ አዲሱ ለመሻገር የሚደገፍባቸው ላይብረሪዎች ሁሉ አስቀድመው መሻገር አለባቸው፤ የላይብረሪ አዘጋጆች ደግሞ ተጠቃሚው እስኪሻገር ይጠብቃሉ። ስለዚህ በ2015 ሊያበቃ ታቅዶ የነበረው የፓይተን 2 ድጋፍ እስከ 2020 መባቻ ተራዘመ።

ጃቫስክሪፕት ተቃራኒውን መንገድ መረጠ። በ1995 ሲፈጠር «ነል» የተባለው ባዶ ዋጋ ዓይነቱ ሲጠየቅ «ኦብጀክት» የሚል መልስ ይሰጥ ነበር። ስህተት መሆኑ ቢታወቅም፣ ቢታረም ነባር ድረ ገጾች ይበላሻሉ ተብሎ ዛሬም እንዳለ አለ።

ረስት መካከለኛውን መንገድ ይዟል። እያንዳንዱ የኮድ ጥቅል ለምሳሌ የ2015፣ የ2018 ወይም የ2021 «እትም» ተከታይ መሆኑን ያሳውቃል፤ የተለያየ እትም የሚከተሉ ጥቅሎችም በአንድ ፕሮግራም ውስጥ አብረው ይሠራሉ። በምላሹ ኮምፓይለሩ የአሮጌዎቹን ሕጎች ሸክም ይዞ ይቀጥላል።

ሸክሙ በማንኛውም መንገድ አይጠፋም፤ ተሸካሚው ብቻ ይለያያል። ፓይተን ባለሙያዎችን ለዓመታት አደከመ። ነገር ግን አሮጌው አሠራር ሳይነካ ቢቀር ኖሮ፣ ዋጋውን የሚከፍለው ስሙን በግዕዝ ፊደል የሚጽፍ ተጠቃሚ ነበር። ዛሬ ፓይተን «ሰላም»ን ሦስት ብሎ ይቆጥራል።