ዕቃው ከባቡሩ የወረደው መቼ ነው?

ስለ አሮጌው የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ምድር ባቡር ሲወራ የሚነገረው ብዙውን ጊዜ የእርጅና ታሪክ ነው። ሐዲዱ አለቀ፣ ሎኮሞቲቩ መለዋወጫ አጣ፣ ድልድዩ ተዳከመ፣ መኪና መጣ፣ አበቃ። ይህ አተራረክ ለሹማምንትም ለጋዜጣም ይመቻል፤ ጥፋተኛው ጊዜ ከሆነ የሚጠየቅ ሰው የለማ! ነገር ግን 784 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝመው መስመር ጭነቱን ማጣት የጀመረው ገና ጉልበት ሳለው፣ በ1950ዎቹ የናፍጣ ሎኮሞቲቮች በገቡለት ማግስት ነው (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው)። ባቡሩን ያራቆተው ዕድሜው ሳይሆን ዕቃው የሚነሳበትና የሚራገፍበት ቦታ ደረጃ በደረጃ ከሐዲዱ እንዲርቅ መደረጉ ነው። ለዚህ ያበቁት ውሳኔዎች ደግሞ ቀንም ቦታም አላቸው።

ምኒልክ ለስዊሱ አልፍሬድ ኢልግ የሐዲድ ሥራ ፈቃዱን የሰጡት በ1894 ነው። ግንባታው በ1897 ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1902 መጨረሻ ቆላው ላይ ደረሰ፤ ወደ ሐረር መውጣት ተራራው ስለከለከለው መስመሩ ከተማዋን ትቶ ድሬዳዋን ፈጠረ። የመጀመሪያው ኩባንያ ከሰረ፣ በ1908 ሌላ ተተካ፣ ሐዲዱም በ1917 አዲስ አበባ ገባ። ለሃያ ዓመት ያህል ተወዳዳሪ አልነበረውም። ቡናውና ቆዳው በእሱ ይወርዳል፣ ጨርቁና ብረቱ በእሱ ይወጣል። ይህ ብቸኝነት ኩባንያውን አበልጽጎታል፣ ግን ጠላትም አፍርቶለታል፤ የማጓጓዣ ዋጋው ውድ ነው የሚለው ስሞታ ከነጋዴውም ከመንግሥትም አልተቋረጠም። ጣልያን አገሪቱን በያዘችበት ጊዜ አሰብን በደሴ በኩል ከመሀል አገር የሚያገናኝ መንገድ የሠራችው ከዚሁ የፈረንሳይ ሐዲድና ወደብ ለመላቀቅ ነበር። ጣልያን ተባረረች፤ መንገዱ ግን ቀረ።

የዚያ መንገድ ትርጉም የታየው በ1952 ኤርትራ በፌዴሬሽን ከተቀላቀለች በኋላ ነው። የራሱ ወደብ ያገኘ መንግሥት ዕቃውን በሌላ አገር ቅኝ ግዛት በኩል ማስገባቱን አይመርጥም፤ በዚህ ሊወቀስ አይችልም። አሰብ ዘመናዊ ወደብ ሆነ። በ1967 ደግሞ በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የነዳጅ ማጣሪያ ተተከለበት። የባቡሩ የጭነት ታሪክ የተሰበረበት ዓመት ካስፈለገ እኔ የምመርጠው ይህንን ነው። ነዳጅ ለባቡር የተፈጠረ ጭነት ነው፦ ከባድ ነው፣ ዓመቱን ሙሉ አይቋረጥም፣ ከአንድ ቦታ ተነሥቶ በታወቁ ዴፖዎች ይራገፋል። ማጣሪያው አሰብ ላይ ሲሆን ይህ ጭነት በአንድ ጊዜ ለቦቴ መኪና ተሰጠ። የሚገርመው፣ በ1959ኙ ስምምነት ኢትዮጵያ የምድር ባቡሩን ግማሽ ድርሻ ይዛ የኩባንያው ዋና መሥሪያ ቤት ከፓሪስ ወደ አዲስ አበባ ተዛውሮ ነበር። ስለዚህ መንግሥት የገዛ ንብረቱን ጭነት የሚነጥቅ መንገድና ወደብ እያሳደገ፣ በሌላ መዝገብ ደግሞ የዚያው ንብረት ባለቤት ነበር። ሁለቱን መዝገቦች አንድ ላይ የከፈተ ሰው ያለ አይመስልም።

ጦርነቱስ? የሚል ይኖራል፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። በ1977 የሶማሊያ ጦር ምሥራቁን ሲወር ድልድዮች ፈርሰው መስመሩ ከአንድ ዓመት በላይ ተቋረጠ። በጥር 1985 አዋሽ ላይ የተገለበጠው ባቡር ከ400 በላይ ሰው ፈጀ። እነዚህ ቁስሎች እውነተኛ ናቸው። ሆኖም ጦርነት ሐዲዱን ብቻ መርጦ አልመታም፤ የአሰብም መንገድ በዚያ ዘመን ሰላም አልነበረውም። ልዩነቱ ከአደጋው በኋላ በሚሆነው ላይ ነው። መንገድ ሲቆረጥ መኪናው ዞሮ ይሄዳል፤ ባቡር ሲቋረጥ አስመጪው ተሳቢ ይገዛል፣ ትራንዚተሩ ከመኪና ማኅበራት ጋር ይዋዋላል፣ መጋዘኑ አስፋልት ዳር ይሠራል። ሐዲዱ ተጠግኖ ቢከፈት እንኳ ያ ገንዘብ አንዴ ወጥቷልና ደንበኛው አይመለስም። የጠፋውን ደንበኛ ለመመለስ ደግሞ ፈጣን ውሳኔ ያስፈልግ ነበር። ከ1981 ወዲህ ኩባንያው የኢትዮጵያና የጅቡቲ የጋራ ንብረት ስለነበር ለአንድ ሎኮሞቲቭ ግዢ እንኳ ሁለት መንግሥታት መስማማት ነበረባቸው።

ሁለተኛው ተቃውሞ የመሐንዲሶች ነው። ሐዲዱ የአንድ ሜትር ስፋት ብቻ ነው፣ ኩርባው ጠባብ፣ ዳገቱ ብርቱ፤ ዘመናዊ ጭነት አይችልም ይላሉ። ስለ ኩርባውና ስለ ቀጭኑ ሐዲድ እውነት አላቸው። ስለ ስፋቱ ግን የብራዚሉ ቪቶሪያ–ሚናስ መስመር ያፈርሳቸዋል፤ 905 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው ይህ ባቡር በዚያው የአንድ ሜትር ሐዲድ በዓመት ከ100 ሚሊዮን ቶን በላይ የብረት ማዕድንና ሌላ ጭነት ሲያመላልስ ኖሯል። እዚያ ሐዲዱ ከማዕድኑ አፍ ተነሥቶ መርከቡ አጠገብ ይራገፋል፤ ገቢው እየተመለሰ ሐዲዱን ያከብደዋል፣ ኩርባውን ያቃናዋል። የድሬዳዋ መስመር ያጣው ይህንን ዑደት ነው። ጭነት ሲቀንስ ገቢ ቀነሰ፣ ጥገናው ተጓተተ፣ ባቡሩ ዘገየ፣ የቀረው ጭነትም ሄደ።

ይህንን ዑደት ለመገልበጥ አንድ ትልቅ ዕድል መጥቶ ነበር። በ1998 ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሣ አሰብ ተዘጋ፤ የአገሪቱ የገቢና ወጪ ንግድ ጠቅልሎ ወደ ጅቡቲ ዞረ። ከ40 ዓመት በላይ ከሐዲዱ ሲሸሽ የኖረው ዕቃ በወራት ውስጥ ሐዲዱ ጫፍ ላይ ተከመረ። ባቡሩ ግን የሚስብ ሎኮሞቲቭ፣ የሚጫንበት ፉርጎ አልነበረውም። ከአንድ ዓመት በፊት በ1997 የተጀመረው የመንገድ ዘርፍ ልማት ፕሮግራም ብዙ ገንዘብ፣ የለጋሾችንም ጭምር፣ ወደ አስፋልት እያፈሰሰ ነበር፤ በዚያው ዓመት የተቋቋመው የመንገድ ፈንድም ለመንገድ ጥገና ቋሚ ገቢ አስገኘ። ለሐዲድ እንዲህ ያለ ፈንድ አልተቋቋመም። መኪናው የሚሄድበትን መንገድ ሕዝብ በጋራ ይጠግናል፤ ባቡሩ ግን እያንዳንዷን ብሎን ከቲኬትና ከጭነት ገቢው እንዲገዛ ይጠበቅበታል። በዚህ ሂሳብ የባቡር ኪሳራ በጋዜጣ ይወጣል፣ የመንገዱ ወጪ ግን ልማት ይባላል። መንገድ አይሠራ ማለቴ አይደለም፤ ሁለቱ በአንድ ሚዛን ይመዘኑ ማለቴ ነው።

ከዚያ በኋላ የመጣው ዘግይቶ የመጣ ነው። መስመሩን ለውጭ አስተዳዳሪዎች በኮንሴሽን ለመስጠት የተደረገው ድርድር አልሰመረም፤ በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ የተጀመረው እድሳትም ሳይጠናቀቅ ቆመ። በ2000ዎቹ መጨረሻ ከአዲስ አበባ እስከ ድሬዳዋ ያለው ጉዞ ጸጥ ሲል፣ ሞጆ ላይ የአገሪቱ ትልቁ ደረቅ ወደብ እየተቋቋመ ነበር። ሞጆ የአሮጌው ሐዲድ ጣቢያ ናት። ደረቅ ወደቡ ግን የተከፈተው ለመኪና ነው። ከድሬዳዋ ወደ ጅቡቲ ድንበር የቀረው ቁራጭ መስመር አንዴ እየተነሣ አንዴ እየተቋረጠ ጥቂት ጊዜ ቆየ። ጉዳቱ በዋነኛነት ያረፈው በአስመጪው ላይ አይደለም፤ እሱ መኪና አግኝቷል። ጉዳቱ ያረፈው በአፍደም፣ በጎታና በኤረር ላይ ነው፤ ዋናው አስፋልት ከሚኤሶ ወደ ጭሮ ደጋ ሲወጣ እነዚህ የቆላ ጣቢያዎች ሐዲዱን ብቻ ተማምነው ቀሩ። ለጥቂት ኩንታል እህልና ለጥቂት በግ ፉርጎ የሚያቆምላቸው ሲጠፋ ተሳቢ መኪና ሊተካው አልቻለም።

ይህ ሁሉ ያለፈ ነገር ቢሆን ኖሮ ለታሪክ ጸሐፊዎች መተው ይቻል ነበር። ነገር ግን በቻይና ብድር የተሠራው፣ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመው አዲሱ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር በጥቅምት 2016 ተመርቆ በ2018 መጀመሪያ ሥራ ሲጀምር የአሮጌውን ሕመምም ወርሶ ነው። ሐዲዱ ሰፊ ነው፣ ሎኮሞቲቩ ኃይለኛ ነው። ከዋናው መስመር ወደ ሞጆ ደረቅ ወደብ የሚገባው ቅርንጫፍ ግን ከመስመሩ እኩል አልደረሰም፤ ነዳጅም ለዓመታት በቦቴ መጓዙን ቀጠለ። ኮንቴይነሩ ከባቡር ወርዶ እንደገና መኪና ላይ የሚጫን ከሆነ አስመጪው ሁለት ጊዜ ከፍሎ አንድ ጊዜ ለምን ያተርፋል? ከወደቡ ጀምሮ በመኪና ቢያመጣው ይሻለዋል፤ ያደረገውም ይህንኑ ነው። በ2018 የብድሩ መክፈያ ጊዜ ከ10 ወደ 30 ዓመት መራዘሙ ይታወሳል። ለዕዳው ጫና የሚሰጠው ምክንያት ብዙ ነው፤ የመብራት መቆራረጥ፣ ሐዲድ ላይ የሚገቡ ግመሎች፣ የተሰረቀ ኬብል። ሁሉም እውነት ናቸው። ነገር ግን ግመሉ ቢታጠርና መብራቱ ባይጠፋ እንኳ ባቡሩ ከጭነቱ በር ላይ ካልቆመ አይሞላም። ከአዋሽ ተነሥቶ በኮምቦልቻ በኩል ወደ ሐራ ገበያ የሚዘልቀው 392 ኪሎ ሜትር መስመር ደግሞ አብዛኛው ሐዲዱ ተዘርግቶ ያለ ሥራ ዓመታት ቆጥሯል።

የመኪና ባለንብረቶች የሚያነሡት ቅሬታ መልስ ይገባዋል። ከባድ መኪና የብዙ ሺህ ሾፌርና ረዳት፣ የመንገድ ዳር ምግብ ቤትና ጎሚስታ እንጀራ ነው፤ ጭነቱ ለባቡር ሲሰጥ የእነሱ ቁጠባ ይቃጠላል። ይህ የሚያሳስበው ጭነቱ ሁሉ በአዋጅ ለባቡር ከተሰጠ ነው፤ እንዲህ ያለ ትእዛዝ ደግሞ አሮጌውን ኩባንያ ያስጠላውን ብቸኝነት ይመልሳል። የሚያስፈልገው ጠባብ ነገር ነው፦ ነዳጁን፣ ማዳበሪያውንና የስንዴ ግዢውን የሚያስገቡ የመንግሥት ድርጅቶች ከባቡሩ ጋር የብዙ ዓመት ውል ይግቡ፤ የዴፖና የመጋዘን ቅርንጫፍ ሐዲዶችም ከመንገዱ በጀት ጎን ለጎን በጀት ይያዝላቸው። ቡናና አበባ፣ የሱቅ ሸቀጥና ከሞጆ ወዲህ ያለው ሥርጭት ለመኪናው ይቀራል፤ እዚያ ባቡር አይወዳደርም፣ ሊወዳደርም አይገባውም። ለእነዚህ ሦስት ጭነቶች ውል መፈረም አዲስ ዋና መስመር አይጠይቅም። ገዢዎቹም ሆኑ የባቡሩ ባለድርሻ የሆነችው ኢትዮጵያ አንድ መንግሥት ናቸው፤ ውሉም ከሁለት ሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶች ፊርማ የዘለለ አይፈልግም።