ሲዋ፦ ውኃ የበዛባት የበረሃ ከተማ

ከግብፅ የሜዲትራኒያን ዳርቻ፣ ከመርሳ ማትሩህ ተነስቶ ወደ ደቡብ ምዕራብ የሚጓዝ መንገደኛ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ጠፍ በረሃ ያቋርጣል። ከዚያ መሬቱ ዝቅ ይልና የተምርና የወይራ ደን፣ በደኑም መካከል ሰፋፊ ሐይቆች ይታያሉ። ሲዋ ይህች ናት። ከሊቢያ ድንበር የምትርቀው 50 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ነዋሪዎቿ ከዐረብኛ ሌላ ሲዊ የተባለውን የአማዚግ ቋንቋ ይናገራሉ። ዓመቱን ሙሉ የምታገኘው ዝናብ ከ10 ሚሊ ሜትር ብዙም አይዘልም። ታዲያ ይህ ሁሉ ውኃ ከየት መጣ? ወዴትስ ይሄዳል?

ጥንታዊ ዝናብ

ከምሥራቃዊው ሰሃራ ሥር የኑቢያ አሸዋ ድንጋይ የሚባል ውኃ ያዘለ ዐለት ተነጥፏል። ግብፅ፣ ሊቢያ፣ ሱዳንና ቻድ የሚጋሩት ይህ ዐለት 2 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሸፍናል። ውኃው ሰሃራ እርጥብ በነበረባቸው ዘመናት የዘነበ ዝናብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 ይፋ የሆነ ጥናት ክሪፕተን-81 የተባለውን ራዲዮአክቲቭ ጋዝ በመለካት፣ በግብፅ ምዕራባዊ በረሃ ከተቀዱ ናሙናዎች መካከል ዕድሜያቸው ከ200,000 እስከ 1 ሚሊዮን ዓመት የሚደርሱ እንዳሉ አሳይቷል።

ሲዋ ከባሕር ጠለል 18 ሜትር ያህል ዝቅ ብላ የምትገኝ ረባዳ ናት። በጥልቁ ዐለት ውስጥ ታምቆ የኖረው ውኃ በስንጥቆች በኩል ሽቅብ ይገፋና ከላይ ባለው የኖራ ድንጋይ አልፎ ምንጭ ሆኖ ይፈልቃል። ታላቁ እስክንድር ከክርስቶስ ልደት በፊት በ331 የጥንት ግብፃውያንን አምላክ የአሞንን ቃል ለመስማት ወደዚህ ሲመጣም ከተማዋን ያኖራት ይኸው ውኃ ነበር።

ከእስክንድር በፊት የኖረው የታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶቱስ፣ በዚህ አገር ያለ አንድ ምንጭ እኩለ ቀን ላይ እንደሚቀዘቅዝ፣ እኩለ ሌሊት ላይ ግን እንደሚፈላ ጽፏል። ከጥልቅ የሚወጣ ውኃ ሙቀቱ ቀንና ሌሊት ብዙም አይለዋወጥም፤ የሚለዋወጠው የበረሃው አየር ነው። በቀትር ሐሩር የተቃጠለ ገላ ውኃው ይቀዘቅዘዋል፣ በሌሊት ቁር ደግሞ ይሞቀዋል።

መውጫ የሌለው ውኃ

ረባዳው የሲዋ መሬት ውኃውን የሚሸኝበት ወንዝ የለውም። ከምንጭና ከእርሻ የተረፈው ሁሉ ወደ ሐይቆቹ ይወርድና በፀሐይ ይተናል። የሚተነው ግን ውኃው ብቻ ነው፤ ይዞት የመጣው ጨው እዚያው ይቀራል። በአካባቢው ባሉ ጨዋማ ውኃ በሞላባቸው ጉድጓዶች ውስጥ ሰው ያለ ዋና የሚንሳፈፈው በዚህ ምክንያት ነው፤ ጨው የጠገበ ውኃ ከሰው አካል ይከብዳል።

ሲዋውያን ይህን ጨው ከጭቃ ጋር እያዋሃዱ ከርሺፍ የሚሉትን የግንብ ዕቃ ሠሩ። ጥንታዊው የሻሊ ምሽግ የታነጸው በዚሁ ነው። ከርሺፍ ሙቀትን ይከላከላል፤ ዝናብ ግን ያሟሟዋል። እ.ኤ.አ. በ1926 ለሦስት ቀናት የወረደ ዝናብ ምሽጉን ክፉኛ አፍርሶታል።

ዛሬ የሚያሰጋው ከሥር የሚመጣው ውኃ ነው። ካለፉት ጥቂት አሥርት ዓመታት ወዲህ እርሻው ሲሰፋ በርካታ ጉድጓዶች ተቆፈሩ። ግፊቱ ብርቱ ስለሆነ ብዙዎቹ ያለ ፓምፕ፣ ያለ መዝጊያም ቀን ከሌት ይፈስሱ ነበር። ትርፉ ውኃ ሐይቆቹን አሰፋ፤ ጨዋማው የከርሰ ምድር ውኃ ወደ ተክሎች ሥር ቀረበ፤ የተምር ዛፎችም ይደርቁ ጀመር። ሲዋ የማይታደስ ጥንታዊ ሀብቷን እያፈሰሰች፣ ባፈሰሰችው ውኃ ማሳዋን ታጣለች። መፍትሔው ጉድጓዶችን መቆጣጠር፣ መስኖን መመጠንና ትርፉን ውኃ ከእርሻው ማራቅ ነው። የግብፅ መንግሥትም ጉድጓዶችን በመዝጋትና የማፋሰሻ ቦይ በመሥራት ይህን ጀምሯል።

ሲዋን ማየት የሚሻ ከጥቅምት እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ቢሄድ ከሐሩሩ ይድናል። ጨዋማው ውኃ ዐይኑን እንዳይነካው ይጠንቀቅ፤ ሲወጣም ገላውን በንጹሕ ውኃ ይለቅለቅ። ለዚህ የሚቀዳውን ውኃ ግን ይቆጥብ። የሚተካው ዝናብ የለምና።